በጎነት የክፋት ባለዕዳ አይደለም

ክፉ ባይኖር በጎው አይታወቅም ይባላል። ጨለማ ባይኖር ብርሃንን፣ ረሃብ ባይኖር ጥጋብን፣ ጦርነት ባይኖር ሰላምን ማን ያውቀው ነበር? ይህ አባባል በቡና ላይ ይነሣል፣ በለቅሶ ቤት ይነሣል፣ በስብከትና በንግግር መካከል ይነሣል። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ ረጋ ብሎ፣ እንደ አዋቂ ሆኖ ይናገረዋል፤ ሰሚውም ራሱን ነቅንቆ ይቀበለዋል። ነገሩ እንደ ክረምትና በጋ ተፈራርቆ የሚኖር የተፈጥሮ ሥርዓት ስለሚመስል የሚከራከርበት ሰው ጥቂት ነው።

እኔ ልከራከርበት እፈልጋለሁ። በጎና ክፉ ተቃራኒዎች መሆናቸውን አልክድም። የምክደው በጎው ለመኖር ክፉውን ይሻል የሚለውን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጥገኝነት ወደ አንድ ወገን ብቻ ያዘነበለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ክፋት ያለ በጎነት አይቆምም፣ በጎነት ግን ያለ ክፋት ይቆማል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ነገር ይወስናል። አንድ ሕዝብ ያለፈበትን መከራ የሚያይበት ዓይን፣ ገዢ በተገዢው ላይ ያደረሰውን ግፍ የሚያጸድቅበት አንደበት፣ ልጇን የቀበረች እናት በድንኳኑ ሥር የምትሰማው ቃል በዚህ ልዩነት ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

አሳቡ ጥንታዊ ነው፤ የያዙትም ታላላቅ ሰዎች ናቸው። ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በኤፌሶን የኖረው ሄራክሊተስ ጤናን የሚያጣፍጠው በሽታ፣ ጥጋብን የሚያጣፍጠው ረሃብ፣ ዕረፍትን የሚያጣፍጠው ድካም እንደሆነ ያስተምር ነበር። በቻይና በላኦ ትዙ ስም የሚጠራው መጽሐፍም ሰዎች በጎውን በጎ ብለው ሲለዩት ክፉው በዚያው አብሮ ይገለጣል ይላል። ፕላቶ «ቴአይቴቶስ» በተባለው ድርሰቱ ለበጎው ሁልጊዜ ተቃራኒ ሊኖረው ግድ ስለሆነ ክፋት ከዚህ ዓለም ፈጽሞ ሊጠፋ አይችልም ብሎ ሶቅራጥስን ያናግረዋል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው የስቶይኮች መምህር ክሪሲጶስ ደግሞ ግፍ በሌለበት ፍትሕ፣ ፈሪ በሌለበት ጀግና፣ ሐሰት በሌለበት እውነት እንዴት ሊኖር ይችላል ብሎ ተከራክሯል።

በ3ኛው መቶ ዘመን በመስጴጦምያ የተነሣው ማኒ አሳቡን እስከ መጨረሻው ገፋው። ብርሃንና ጨለማ መጀመሪያ የሌላቸው ሁለት መንግሥታት ናቸው፤ ዓለምም የተሠራችው ሁለቱ ሲዋጉ ከተደባለቁበት ነገር ነው ብሎ ሰበከ። ትምህርቱ ከሰሜን አፍሪካ እስከ ቻይና ደረሰ። ኋላ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነው አውግስጢኖስ በወጣትነቱ 9 ዓመት ያህል ከዚህ ትምህርት ጋር ቆይቷል። በትምህርቱ ውስጥ ምን እንደሳበውም ኋላ ሳይሸሽግ ጽፏል፤ ኃጢአት ሲሠራ የሠራው እርሱ ሳይሆን በውስጡ ያለ ሌላ ባሕርይ መስሎ ይታየው ነበር። የዚህ አሳብ ጉልበት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ክፋት የዓለም ምሰሶ ከሆነ ማንም ሰው ለሠራው ክፋት ሙሉ ተጠያቂ አይሆንም።

«ክፋት ለበጎነት ያስፈልጋል» የሚለው አባባል ሲፈታ ግን አራት የተለያዩ አሳቦች ይወጡታል። በጎው እንዲኖር ክፉ ያስፈልጋል የሚል አለ። በጎው እንዲታወቅ ያስፈልጋል የሚል አለ። ሰው ነጻ እንዲሆን ያስፈልጋል የሚል አለ። ሰው በበጎነት እንዲያድግ ያስፈልጋል የሚልም አለ። አራቱን ቀላቅለን ስንናገራቸው አንዱ የሌላውን ድካም ይሸፍናል፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

ከመኖር እንጀምር። ውሸታም የሚጠቀመው ሰሚው «ሰው አብዛኛውን ጊዜ እውነት ይናገራል» ብሎ ስለሚያምን ነው። ሁሉም ሰው ሁልጊዜ የሚዋሽባት ከተማ ብትኖር በዚያች ከተማ ውሸት ራሱ ዋጋ ያጣል፤ ቃል የሚያምን ከሌለ የሚታለል አይኖርም። ሁሉም እውነት የሚናገርባት ከተማ ብትኖር ግን እውነት ምንም አይጎድልበትም። መስፈሪያውን ያጎደለ ነጋዴ የሚያተርፈው ገበያው በደኅና መስፈሪያ ስለሚሠራ ነው። ሐሰተኛ ብር የሚያትመው ሰው ሲሳይ እውነተኛው ብር መከበሩ ነው። ፕላቶ «ፖሊቴይያ» በተባለው መጽሐፉ እንዳስተዋለው የሌቦች ጓድ እንኳ የዘረፈውን ለመካፈል እርስ በርሱ መተማመን ያስፈልገዋል፤ በመካከላቸው ፍትሕ ፈጽሞ ከጠፋ አብረው አንድ ነገር መሥራት አይችሉም። ሌባው ሌባ ሆኖ እንዲቆይ በጓዶቹ ዘንድ ትንሽ ታማኝነት ይሻል። ታማኙ ሰው ግን ታማኝ ለመሆን ከሌብነት የሚበደረው ነገር የለም።

አውግስጢኖስ ከማኒ ትምህርት ከወጣ በኋላ የደረሰበት መደምደሚያ ይህ ነው። ክፋት የራሱ ባሕርይ፣ የራሱ ሥር የለውም፤ የበጎ ነገር መጉደልና መበላሸት ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው ቅዱስ ባስልዮስም ክፋትን ከዕውርነት ጋር አነጻጽሮ አስተምሯል፤ ዕውርነት ዓይን ሲጠፋ ይመጣል እንጂ ለብቻው የተፈጠረ ነገር አይደለም። አንዳንድ ሰው «መጉደል» ሲባል ክፋት ተቃለለ ብሎ ያዝናል። ይህ ግን ክፋትን ማቃለል አይደለም። ዓይኑን ላጣ ሰው ዕውርነት የቀኑ ሁሉ እውነታ ነው፤ ጉድለቱ የሚከብደውም የጎደለው ነገር ትልቅ ስለነበረ ነው። የክፋት አስከፊነት የሚለካው ባፈረሰው በጎ ነገር ልክ ነው።

ፈላስፋዋ ሐና አረንት እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም የናዚውን ሹም የአዶልፍ አይኽማንን ችሎት ስትከታተል ያየችው ነገር ይህን ያጠናክራል። ሚሊዮኖችን ወደ ሞት ያጓጓዘው ሰው ጥልቅ የሆነ የጨለማ ጥበብ የያዘ ፍጡር አልነበረም። ማሰብን የተወ፣ በቢሮክራሲ ቃላት የሚናገር፣ ስለ ሹመቱ የሚጨነቅ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. መጽሐፏ ከወጣ በኋላ ብዙ ተነቀፈች፤ ስለ አይኽማን ሰውነት የሰጠችው ፍርድም እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሆኖም ለወዳጇ በጻፈችው ደብዳቤ የገለጸችው አሳብ ጸንቶ የሚቆም ይመስለኛል፤ ክፋት ዳር ድረስ ሊስፋፋ ዓለምንም ሊያጠፋ ይችላል፣ ጥልቀት ያለው ግን በጎነት ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። በጎው እንዲታወቅ ክፉ ግድ ነውን? አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ጆን ማኪ እ.ኤ.አ. በ1955 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ለዚህ አጭር መልስ ሰጥቷል። በዓለም ያለው ሁሉ ቀይ ቢሆን ኖሮ ቀይነትን ልብ የሚል፣ ስምም የሚያወጣለት ሰው ላይኖር ይችላል፤ ነገሮቹ ግን ቀይ ከመሆን አይጎድሉም። ማኪ በአምላክ መኖር የማያምን ሰው ነበር፤ አውግስጢኖስና ባስልዮስ ደግሞ የሃይማኖት አባቶች ናቸው። እንዲህ ተራርቀው የቆሙ ሰዎች በጎነት የክፋት ጥገኛ አለመሆኑን በየራሳቸው መንገድ ማየታቸው ሊታለፍ አይገባም። መታወቅና መኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሕፃን የእናቱን ጡት ጣዕም የሚያውቀው መርዝ ቀምሶ አይደለም። ጥሩ በገና የሰማ ሰው ከዚያ የበለጠ ሲሰማ ይለየዋል፤ መካከላቸው ያለውን ለመለየት መጀመሪያ ጆሮው መጎዳት የለበትም። በጎን ከበጎ፣ መልካምን ከተሻለ መልካም ጋር እያነጻጸሩ ማወቅ ይቻላል።

ለዚህ የታሪክ ፈተናም አለን። ፈንጣጣ ለብዙ ሺህ ዓመታት የሰው ልጅ መቅሠፍት ነበር፤ የገደለውን ገድሎ የተረፈውን ሰው ፊት ያበላሽ፣ ዓይን ያጠፋ ነበር። ኢትዮጵያ ከመጨረሻዎቹ የበሽታው ምሽጎች አንዷ ነበረች። ከ1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የክትባት ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ ተራራውንና በረሃውን አቋርጠው እስከ ሩቅ መንደሮች ደረሱ። በአገራችን የመጨረሻው ታማሚ በ1976፣ በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ደግሞ በሶማሊያ በ1977 ተገኘ፤ በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር ጠፍቷል ብሎ አወጀ። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ትውልድ ፈንጣጣን አያውቅም። ጤናው ግን በዚህ ምክንያት አልቀነሰም፤ ፊቱም ያለ ጠባሳ ስለኖረ ውበቱ አልደበዘዘም። የጤና ዋጋ እንዲታወቅ አንድ መንደር ላይ ፈንጣጣ ይመለስ የሚል ሰው ቢነሣ ሁላችንም እንቃወመዋለን። ተቃውሟችን ራሱ ይመሰክራል፤ ክፋት አስፈላጊ ነው የሚለውን አባባል በአፋችን እንጂ በልባችን አናምነውም።

ሦስተኛው አሳብ ነጻነትን ይመለከታል፤ በዚህ ላይ የኢትዮጵያ ፍልስፍና ራሱ የሚናገረው አለው። የዘርአ ያዕቆብ ሐተታ በ17ኛው መቶ ዘመን በአክሱም አካባቢ ተወልዶ በእንፍራዝ በኖረ ሰው ስም የተጻፈ ነው። ጸሐፊው እርሱ ነው ወይስ በ19ኛው መቶ ዘመን በኢትዮጵያ የነበረው ጣልያናዊ መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው የሊቃውንት ክርክር አልተዘጋም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ጥያቄ ግን የማንም ቢሆን ክብደቱ ያው ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ተሳድዶ በዋሻ የተቀመጠ ሰው ፈጣሪ ሰዎች ሲዋሹና ሲያሳስቱ ለምን ዝም ይላል ብሎ ይጠይቃል። መልሱም ፈጣሪ የሠራው ሁሉ መልካም መሆኑን፣ ለሰው ግን የሚመረምርበት ልቡናና የሚመርጥበት ነጻነት መሰጠቱን ይናገራል።

ይህ መልስ ክፋትን አስፈላጊ አያደርግም። ነጻ ሰው ክፉ ማድረግ የሚቻለው ሰው ነው፤ መቻልና ማድረግ ግን ይለያያሉ። ባል ለሚስቱ የሚታመነው መክዳት ሲችል ስላልከዳ ነው። ለእርሱ መታመን ክብር እንዲኖረው ጎረቤቱ ሚስቱን መክዳት የለበትም፤ እርሱም አንድ ጊዜ ከድቶ መመለስ የለበትም። ነጻነት የሚሻው የተከፈተ በር ነው፤ በዚያ በር ወደ ጥፋት የሚወጣ ሰው እንዲኖር አይሻም። ሁላችንም በየቀኑ ልንሠራቸው የምንችላቸውን ብዙ ክፉ ነገሮች ሳንሠራ እንውላለን፤ በዚህም ነጻነታችን አልተሸረፈም። እንዲያውም ክፋትን የለመደ ሰው ቀስ በቀስ መምረጥ ያቅተዋል፤ ሱሰኛው፣ ቂመኛው፣ ገንዘብ ያሳወረው ሰው የነጻነቱ ክልል እየጠበበ ሲሄድ እናያለን።

አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ሐቀኛ ሰው ቶሎ ሊያልፈው አይችልም። የተራበ ከሌለ ቸርነት ወዴት አለ? የበደለ ከሌለ ይቅርታ፣ የሚያስፈራ ከሌለ ጀግንነት፣ መከራ ከሌለ ትዕግሥት ከየት ይመጣል? እነዚህ በጎነቶች ለክፉ ነገር የሚሰጡ መልሶች መሆናቸውን እቀበላለሁ። ከታሪካችን ክፉ ቀን የምንለውን ዘመን ላንሣ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ለጣልያን ጦር ወደ ምጽዋ በመጡ ከብቶች ገብቶ አገሩን አዳረሰ። የቀንድ ከብቱ አብዛኛው አለቀ፤ የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ድርቅና አንበጣ፣ ኋላም ተስቦና ፈንጣጣ ተከተሉ። ከሕዝቡ ሲሶው ሳያልቅ እንዳልቀረ ይነገራል። በዚያ ዘመን አፄ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፈቱ፤ በሬ ላጣ ሕዝብ አርአያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ መኳንንታቸውም እንዲቆፍሩ አደረጉ። ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሰዎችም የመጨረሻ ጥሬያቸውን ከእንግዳ ጋር ተካፍለዋል።

ታሪኩ ግን በዚህ አይቆምም። ያው ክፉ ቀን ልጅ አሸጠ፣ ወላጅን ከልጁ ለየ፣ ሰው የሰው ሥጋ እስከ መብላት መድረሱም ተመዝግቧል። ረሃቡ አንድ ነበር፤ ያንዱን ጎተራ ከፈተ፣ የሌላውን ልብ ዘጋ። ስለዚህ ቸርነቱን የወለደው ረሃቡ ነው ለማለት አይቻልም፤ ረሃቡ ቢወልደው ኖሮ ሁሉንም ቸር ባደረገ ነበር። ጎተራውን የከፈተው ሰው ለረሃቡ የመለሰው አስቀድሞ በውስጡ ባደረ በጎነት ነው፤ እናቱ ያስተማረችው፣ ጎረቤቱ ያሳየው፣ እምነቱ የኮተኮተው በጎነት። ክፉ ቀን ያንን በጎነት አጋልጦ አሳየው እንጂ አልሠራውም። ባዶ ጎተራ ቢሆን ኖሮ መከፈቱ ማንንም አያጠግብም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ርኅራኄ ክፋትን የሚያየው ሊያጠፋው ነው። ሐኪም በሽተኛ እንዲበዛለት አይጸልይም፤ የተራበን የሚያበላ ሰው ደስ የሚለው የሚበላ ሲኖር ሳይሆን የሚራብ ሲጠፋ ነው። ክፉ ቀንን ያመጣው ያው የከብት በሽታ ለአንድ መቶ ዘመን ያህል አፍሪካን ሲያስለቅስ ቆይቶ፣ እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ባበለጸገው ክትባትና በብዙ አገሮች የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ድካም እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ያን ቀን ዓለም አንድ የቸርነት ምክንያት አጣች። ማንም አላዘነም፤ ማዘንም አይገባም ነበር። ርኅራኄ ግቡን ሲመታ ራሱን ሥራ ፈት ያደርጋል፤ በዚያ ሥራ ፈትነት ውስጥ ደግሞ ፍቅር ይቀጥላል። ሰው የጠገበ ልጁን ከተራበ ልጁ አሳንሶ አይወድም።

ለማደግ ሰው ችግር ያስፈልገዋል የሚለው እውነት ነው፤ ችግርና ክፋት ግን አንድ አይደሉም። ይህን ለመረዳት የጾምን ሥርዓት የሚያህል ምስክር የለም። አጥባቂ የተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ200 ቀን በላይ ይጾማል፤ ሙስሊሙም ወር ሙሉ ከጎህ እስከ ማታ ምግብና ውኃ ሳይቀምስ ይውላል። የጾመኛውና የረሃብተኛው ሆድ ለጊዜው እኩል ባዶ ነው። አንዱ ግን በፈቃዱ፣ ማዕዱ ሳለ፣ ነፍሱን ሊገራ ተራበ፤ ሌላው ተቀምቶ ወይም ተረስቶ ተራበ። የመጀመሪያው ያንጻል፣ ሁለተኛው ያፈርሳል። ተራራ መውጣት፣ ቅኔ መቁጠር፣ ምጥ፣ የምሽት ጥናት፣ የገበሬ ላብ ሁሉም አድካሚ ናቸው፤ ሰውን ለማነጽም ይበቃሉ። ግፍና ጭካኔ የሚጨምሩልን ትምህርት የለም። በናዚ ማጎሪያ ካምፖች ወላጆቹን፣ ወንድሙንና ሚስቱን ያጣው ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል ሰው በመከራም ውስጥ ትርጉም ሊያገኝ እንደሚችል መሰከረ። ሆኖም ትርጉም ለማግኘት መከራ የግድ ነው እንዳይባልበት አጥብቆ አስጠንቅቋል፤ ሊወገድ የሚችል መከራ ካለ ትርጉም ያለው ሥራ መንስኤውን ማስወገድ ነው ይላል። ከማንም በላይ የመናገር መብት ያለው ሰው እንዲህ ካለ እኛ ከእርሱ በላይ መከራን ልናሞግስ አይገባም።

ይህ ሁሉ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ አለመሆኑን አገራችን በደም ተምራለች። በአብዮቱ ዘመን በየውይይት ክበቡ «የተቃራኒዎች አንድነትና ትግል» የተፈጥሮና የኅብረተሰብ ሕግ ሆኖ ይሰጥ ነበር። የቀበሌ ነዋሪው፣ የፋብሪካው ሠራተኛ፣ ተማሪው ሁሉ እንዲያጠናው ተደረገ። ዕድገት ከቅራኔ ይወለዳል፣ አሮጌው ሳይደመሰስ አዲሱ አይመጣም ተባለ። ትምህርቱ በራሱ ጥይት አልተኮሰም፤ ለተኳሹ ግን ቃል ሰጠው። ጎረቤት፣ የክፍል ጓደኛ፣ የእናት ልጅ የነበረው ወጣት «የማይታረቅ ቅራኔ» ተባለ። በ1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ሰባብሮ ቀይ ሽብርን አወጀ። ሬሳ በመንገድ ተጥሎ አደረ፤ ወላጆች የገዛ ልጃቸው የተገደለበትን ጥይት ዋጋ ተጠየቁ፤ እናቶች እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። ገዳዩ ታሪክ የሚጠይቀውን ክፉ ሥራ የምሠራው ለሚመጣው በጎ ነው ይል ነበር። ያ በጎ አልመጣም። ከቀይ ሽብር የተወለደው ፍርሃት ነበር፤ እርሱም ከሥርዓቱ ዕድሜ በላይ ኖረ። ለበጎው ክፉ ያስፈልጋል የሚል ሁሉ ሰው ይገድላል አልልም። ሰው ሊገድል የተዘጋጀ ሁሉ ግን ይህን አሳብ በእጁ ቢያገኘው ይጠቀምበታል።

«ለበጎ ነው» የምንለው የማጽናኛ ቃልስ? ይህን ቃል እወደዋለሁ፤ ብዙ የተሰበሩ ሰዎችን ሲደግፍም አይቻለሁ። መከራ የደረሰባት ሴት ራሷ «ለበጎ ነው» ስትል እምነቷን መመስከሯ ነው፤ የደረሰባት ነገር መልካም ነበር ማለቷ አይደለም፤ ከዚያም ውስጥ አምላኳ በጎ ሊያወጣ ይችላል ማለቷ ነው። በፍርስራሽ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው አለ፤ ቤቱ እንዲሠራ ግን መፍረሱ አስፈላጊ አልነበረም። ያው ቃል ካልተጎዳ ሰው አፍ ሲወጣ ትርጉሙ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755 ዓ.ም. የቅዱሳን ሁሉ በዓል ጠዋት ሕዝቡ በየቤተ ክርስቲያኑ ሳለ ሊዝበን በምድር መንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ ማዕበልና እሳት የቀረውን ጨረሱ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1710 ፈላስፋው ሌይብኒትዝ ይህች ዓለም ሊኖሩ ከሚችሉት ዓለማት ሁሉ የተሻለችው ናት ብሎ አስተምሮ ነበር። ደራሲው ቮልቴር ያን አሳብ የተቃወመው በፍርስራሽ ሥር ላሉ ሰዎች ሁሉ ነገር ደኅና ነው ሊባል አይችልም ብሎ ነበር። በሥዕል ላይ ጥላ ለብርሃኑ ውበት ይጨምራል የሚል አለ፤ በድንጋይ የተቀበረ ልጅ ግን የማንም ሥዕል ጥላ አይደለም።

በቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሣለው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ስለዚህ ነገር ጥልቅ አሳብ ይዟል። በተአምረ ማርያም እንደሚነገረው ይህ ሰው የገዛ ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ነፍስ በልቷል። በመንገድ ያገኘው በሽተኛ ውኃ ለምኖት በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በሞተ ጊዜ ሥራው በሚዛን ሲቀመጥ ያች ጥርኝ ውኃ በእመቤታችን አማላጅነት መዝና ተገኘች። አንዳንዱ ታሪኩን ለግፈኛ መጽናኛ አድርጎ ይሰማዋል። እኔ የምሰማው ሌላ ነው። ሚዛኑ እኩል ኃይል ያላቸውን ሁለት መንግሥታት አይመዝንም። በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ያ ሰው ለተጠማ ሰው የሚራራ ልብ ቀርቶት ነበር፤ 78ቱ ግድያዎች ሊያጠፉት አልቻሉም። ማኒ ይህን ታሪክ ሊጽፈው አይችልም ነበር። ለእርሱ ጨለማው ራሱን የቻለ ባሕርይ ነው፤ ለእኛ አባቶች ግን ጨለማ የሸፈነው ሰው የብርሃን ፍጡር ነው። ስለ ተበሉት ነፍሳት ግን ታሪኩን የሚሰማ ሁሉ ማሰብ አለበት፤ ለዚያች ጥርኝ ውኃ ሲባል መሞት አልነበረባቸውም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። በጎና ክፉ እንደ ሁለት መንታ ልጆች አብረው አልተወለዱም። በጎው ቀዳሚ ነው፤ ክፉው በእርሱ ላይ የሚነሣ፣ ከእርሱ እየበላ የሚኖር፣ ሲያጠፋው አብሮ የሚጠፋ ነው። ክፋት በዓለም ላይ ሰፊ ቦታ ይዟል፤ ነገ ተነቅሎ ያልቃል ብዬ አላታልልም። ስፋቱ ግን አስፈላጊነቱን አያሳይም። ፈንጣጣም ሰፊ ነበር። ባርነትም በብዙ አገሮች፣ በእኛም አገር፣ ያለ እርሱ መኖር አይቻልም እየተባለ ለዘመናት ኖረ፤ በሕግ ከተከለከለ በኋላ እርሻው አልቆመም፣ ቤቱም አልፈረሰም።

አንባቢ ሆይ፣ ልታስወግደው የምትችለውን ክፋት ስታገኝ «የዓለም ሥርዓት ነው» ብለህ አትለፈው። በመሥሪያ ቤትህ ጉቦ፣ በቤትህ ዱላ፣ በአፍህ የጎረቤትህን ዘር የሚያንቋሽሽ ቃል ካለ እነዚህ የበጎነት ማጣፈጫዎች አይደሉም፤ ቢጠፉ የሚናፍቃቸው የለም። አንቺም መከራ የደረሰብሽ እኅቴ፣ የደረሰብሽ ግፍ ዓለም እንድትቆም ያስፈልግ ነበር የሚልሽን አትመኚው። አያስፈልግም ነበር። ከዚያ በኋላ ያሳየሽው ብርታት ያንቺ ነው፤ ለበዳይሽ የምትከፍዪው ምስጋና የለም።